የላይኛው ኩሬ ዓሣ

ቸኮል በቦዩ ውስጥ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ያዞሩ ዓሦች በግራ ቀኙ ተንሳፍፈዋል፤ አንዳንዶቹም ጀርባው ላይ ተጋድመዋል። ዝንቡ ሰውና ዓሣ አልለየም፤ ሁሉንም እኩል ወርሯቸዋል።

ዘመኑ 1966 ዓ.ም.፣ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። የቀጭን ውሃ ሰው ከብቱን ጨርሶ፣ ለዘር ያስቀመጠውን ቆርጥሞ፣ የቀረችው ነፍሱ ብቻ ነበረች። ከመካነ ሰላም በበቅሎ ሁለት ሰዓት የምታስኬደው ይህች መንደር ስሟን ያገኘችው ከወንዟ ነው። አሁን ግን ከወንዙ የተረፈው ስሙ ነው። ውሃውን ባላምባራስ አጥናፉ ከላይ ጠልፈው፣ በድንጋይ በተገነባ ቦይ ወደ ርስታቸው ወስደውታል። ለእህል ቢሆን አንድ ነገር ነው። እሳቸው ግን ቦዩን የሠሩት ለዓሣ ነበር። አንድ ፈረንጅ ወዳጃቸው ትራውት የሚባል፣ ጎኑ የተነቀሰ የሚመስል ዓሣ ከባሌ ወንዞች በበረዶ ሣጥን አምጥቶላቸው እዚያ ተራባ። ገበሬው «ዝንጉርጉሩ» ይለዋል። ከደሴ ትልልቅ ሰዎች ዘንግና መንጠቆ ይዘው እየመጡ፣ ከቦዩ ዳር ወንበር ዘርግተው ዝንጉርጉሩን ያጠምዳሉ፤ ይሳሳቃሉ፤ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ከቦዩ ማዶ ቆዳቸው ካጥንታቸው የተጣበቀ ልጆች ተቀምጠው ያዩአቸዋል። ይህን አይቶ ሆዱ ያልተገለበጠ ሰው፣ መጀመሪያውኑ ሆድ አልፈጠረበትም።

የሞቱ ወሬ መካነ ሰላም ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ አለቃው ሳቀ። «የዓሣ ነገር ነው አላችሁ? እንግዲያማ ለዓሣ ዓሣ በሉን ላኩለት!»

ዓሣ በሉ የሚሉት ያለው የተባለውን ሃምሳ አለቃ ነው። ሐይቅ ዳር የተወለደ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። ደገኛው ዓሣ የሚበላን ሰው እባብ እንደበላ ስለሚጠየፈው፣ ባልደረቦቹ አንድ ቀን እንኳ አብረውት በአንድ ትሪ በልተው አያውቁም። ያለው ይህን ችሎ ኖሯል። ቀጭን፣ ነገር የሚያዘገይ፣ ሲጠይቅ እንደ ደከመው ሰው ዓይኑን ጨፈን የሚያደርግ ሰው ነበር። ዓይኑን ጨፈን ሲያደርግ የሚያውቁት ሁሉ ይጠነቀቃሉ።

በቦታው ሲደርስ ሬሳው ገና ቦዩ ውስጥ ነው። የባላምባራስ ዘበኞች ዱላ ይዘው ዳር ዳሩን ቆመዋል። የሚጠብቁት ሬሳውን እንዳይመስላችሁ፤ የሞተውን ዓሣ የራበው ሰው እንዳይለቅመው ነበር።

«ነገሩ ግልጥ ነው» አሉ ባላምባራስ አጥናፉ፣ ካባቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ። «ቸኮል የዓሣዬ ጠባቂ ነበር። ሞላ የሚባል ጭሰኛዬ ደግሞ ዓሣ ሲሰርቅ ሁለት ጊዜ ተይዟል። አሁንም ብርብራ በትኖ ሲለቅም ቸኮል ደረሰበት፤ በድንጋይ አናቱን ብሎ ገደለው። ቤቱ ሲፈተሽ ዓሣ ተገኘ። አስሬዋለሁ። ነገ ከሰዓት በኋላ መኪና ወደ ደሴ ይሄዳል፤ ጭነህ ውሰድልኝ።»

ብርብራ ቆላ የሚበቅል ዛፍ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣው ትንፋሽ ያጥረውና ይንሳፈፋል። ያለው ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የተማረው።

«ሬሳው ይውጣ» አለ።

አብሮት የመጣው ስማቸው የሚባል ፖሊስና ሁለት ዘበኞች ጎትተው ሣሩ ላይ አስተኙት። የደብሩ ቄሰ ገበዝ መምሬ ወልደሩፋኤል መስቀላቸውን ይዘው ቀረብ አሉ። የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁ፣ ቁልፉንም የሚይዙ እሳቸው ናቸው። በዚያ ክፉ ቀን አንገታቸው ያልቀጠነ ሁለት ሰዎች ቢፈለጉ አንዱ ባላምባራስ፣ አንዱ እሳቸው ነበሩ።

«የንስሐ ልጄ ነበር» አሉና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ አበሱ። «ነፍሱን ይማረው።»

ያለው ተንበረከከ። የቸኮል አናት ከኋላ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። ጆሮው ውስጥ ውሃ ያላጠበው የስንዴ ክክ ተጣብቋል። ጣቶቹን ሲያነሣ ስማቸው ፊቱን አዞረ። ከአምስቱም ጫፍ ቆዳው ተገፎ ሥጋው ነጥቷል። አልተነከሰም፤ በሞረድ የተፈቀፈቀ ይመስላል።

«ጣቱ ምን ሆኖ ነው?»

«ድንጋይ ልጦት ነዋ!» አሉ መምሬ፣ ማንም ሳይቀድማቸው።

ያለው ዓይኑን ጨፈን አደረገ። ከሚንሳፈፉት ዓሦች አንዱን አነሣ። አፉ ተበርግዷል፣ መተንፈሻ ስንጥቡም ተከፍቷል፤ ታፍኖ የሞተ ዓሣ ነው። ቢላዋውን አውጥቶ ሆዱን ሰነጠቀው። ከሆዱ የተቀቀለ፣ ያበጠ ስንዴ ዝርግፍ አለ።

ከቦዩ ማዶ ካለው ሕዝብ መካከል አንዲት ሴት ጮኸች። «አልቋል አላችሁን እኮ! ቤተ ክርስቲያን የገባው የእርዳታ ስንዴ አልቋል አላችሁን!»

ዘበኛው ዱላውን አነሣባት። ሴትዮዋ የታሰረው የሞላ ሚስት አልታዬ ነበረች። ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ማልቀስም ተስኖታል።

«የማን ስንዴ ነው፣ ባላምባራስ?»

«ቀለብ ነው። እንስሳ ቀለብ አይበላም እንዴ?»

«ሰውስ?» አለ ያለው። ቢላዋውን በሣር ጠረገ። መጠረጉ ግን እጁ ላይ የቀረውን ነገር አላስለቀቀለትም።

ሞላን ባላምባራስ ግቢ ውስጥ ከጽድ ግንድ ጋር አስረውታል። ገመዱ ከሰውየው ይወፍራል።

«አልገደልኩም ጌታው» አለ። «ብሰቀልም ግድ አልነበረኝም። ልጆቼን ግን ማን ይቀብራቸዋል?»

«ብርብራው የአንተ ነው ይላሉ።»

«ነበረ። ከቆላ ተሸክሜ ያመጣሁት። የጾሙ መግቢያ ላይ ያዙኝና መምሬ በመስቀል አስማሉኝ፤ ሁለተኛ ውሃ አልመርዝም ብዬ ማልኩ። ብርብራውንም ተቀብለው የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ቆለፉበት።»

«ቤትህ የተገኘው ዓሣስ?»

«የጆንያ መስፊያ ወስፌ አጉብጬ፣ በትል ያጠመድኩት ነው። አንድ ብቻ። ልጆቼ ሳይቀምሱት ‹ማስረጃ ነው› ብለው ወሰዱት።»

ያለው ማስረጃውን አስመጣ። ዓሣው አፉ ተገጥሟል፤ የላይ ከንፈሩ ተቀዷል። በመንጠቆ ተይዞ በሣር ላይ የሞተ ዓሣ ነው። ብርብራ አልነካውም።

«ሞላ፣ ያን ሁሉ የሞተ ዓሣ ቦዩ ላይ ብታገኝ ምን ታደርግ ነበር?»

ሞላ ያበደ ሰው እንደሚታይ አየው። «እለቅመዋለሁ ነዋ!»

«ሰው ገድለህ እየሸሸህ ቢሆንስ?»

«በጥርሴም ነክሼ ቢሆን እወስዳለሁ።»

ማድ ቤት ሀጀራን አገኛት። ክርስቲያኖቹ ወጥ ቤቶች ዓሣ መንካት ስለተጸየፉ፣ ባላምባራስ ከኩታበር በኩል ያስመጧት ሙስሊም ሴት ናት። ያለው ከሐይቅ መሆኑን ስትሰማ ፊቷ ተፈታ።

«አብሽር ወንድሜ፤ እዚህ አገር ዓሣ የሚያውቅ ሰው አየሁ! እኔን እኮ ከሰው አይቆጥሩኝም።»

«ዝንጉርጉሩን ነው የምትሠሪላቸው?»

«አረ! ዝንጉርጉሩ ለደሴ እንግዶች ነው። ለቤቱ አምባዛ ነው፤ ያ ጢማሙ። ከዓባይ በእንስራ አስመጥተው ላይኛው ኩሬ ውስጥ አርብተውታል። ወደ ቦዩ እንዳይወርድ የቀርከሃ ወንፊት ተደርጎበታል። አምባዛ ያገኘውን ሁሉ ይበላላ! ዝንጉርጉሩን ይጨርሰው ነበር።»

«ጥርስ አለው እንዴ አምባዛ?» አለ ያለው፣ መልሱን እያወቀ።

«መንከሻ የለውም። ከንፈሩ ሞረድ ነው። እጄን እንዴት እንደፋቀው አታይም?» አውራ ጣቷን አሳየችው።

«ማን ማን ይበላል?»

«ባላምባራስና መምሬ። እመይቴ በጾም ቢገድሏቸው ዓሣ አይነኩም። መምሬ ግን፣ ወላሂ፣ አንገቱን ራሱን አይተውልኝም። ሰንበት ዕለት ለሕዝቡ ‹ዓሣ ጾም አያስገድፍም› ብለው ሰብከዋል አሉ።»

«ለተራበው አስበው ይሆናል።»

ሀጀራ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደስ አይልም። «የተራበው ዓሣውን የት አግኝቶ? ለባላምባራስ ነው የተሰበከው።»

የባላምባራስ ሚስት ወይዘሮ በለጥሻቸው ጥቁር መቁጠሪያ ይዘው እልፍኝ ተቀምጠዋል። ባላቸውን ለማዳን የሚዋሹ ዓይነት ሴት አይደሉም፤ ለመውደድም ጊዜው አልፎባቸዋል።

«ትናንት ማታ ቸኮል መጥቶ ነበር» አሉ። «‹የሰው እህል ለዓሣ መቀቀል በቃኝ፤ ከደሴ ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ እናገራለሁ› አለ። ባላምባራስ ‹ምላስህን ቆርጬ ለዓሣው እሰጠዋለሁ› አሉት።»

«ተከተሉት?»

«ወዴት? ሬዲዮኑ ሥር ተደፍተው ነው ያመሹት። ካቢኔው ወረደ፣ ወታደሩ ደመወዝ አለ፣ መሬት ላራሹ ተባለ፤ ይህን ሲሰሙ ላብ ያጠምቃቸዋል። እኔ እስክተኛ አልተነሡም።»

«ቸኮልስ ወዴት ሄደ?»

«የንስሐ አባቴን አማክሬ ልቁረጥ ብሎ ወጣ።»

ያለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ። ዕቃ ቤቱ ከግቢው አጥር ጥግ ነው፤ ከአጥሩ ሥር ላይኛው ኩሬ ተኝቷል። ኩሬው ጥቁርና ዝም ያለ ነው። አልፎ አልፎ ጢማም አፍ ብቅ ብሎ አየር ይጎርስና ይጠልቃል። ያለው ያደገው በዓሣ መካከል ነው፤ ያን አፍ ሲያይ ግን ከዳሩ አንድ እርምጃ ራቀ።

መምሬ ወልደሩፋኤል ዕቃ ቤቱን ከፈቱለት። ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በአንድ ጥግ ሙቀጫ ቆሟል፤ ዙሪያውን የስንዴ ክክ ተርከፍክፏል።

«የእርዳታው ስንዴ የት ደረሰ መምሬ?»

«ተከፋፈለ። ሕዝቡ ብዙ፣ እህሉ ጥቂት።»

«ይህ ሙቀጫስ?»

«የመገበሪያ ነው፤ ለቅዱስ ቁርባኑ።»

«መገበሪያ የሚሰናዳው እዚያ ቤተልሔሙ ቤት መስሎኝ።»

መምሬ ሳሉ። ያለው በሩን መረመረ። ሳንቃው ከጭስና ከዕድሜ የተነሣ ጠቁሯል። ከውስጥ የሚዘጋበት መወርወሪያ እንጨት ግን እርጥብ የባሕር ዛፍ ነው፤ ልጡ ገና ይሸታል።

«አዲስ ነው።»

«አሮጌውን ነቀዝ በላው።»

«የሞላ ብርብራስ የት ተቀመጠ?»

«ያን ጊዜውኑ አቃጠልኩት።»

የቅዳሴው ደወል ተደወለ። ካህናቱ ከየቤታቸው እየወጡ ወደ መቅደስ አመሩ። መምሬ አልተንቀሳቀሱም።

«የዚህ ሳምንት ሰሞነኛ እርስዎ ነዎት አሉ። አይገቡም?»

«ነስሮኛል» አሉ አፍንጫቸውን በእጃቸው ሸፍነው። «ደም የነካው ቄስ መቅደስ አይገባም።»

ያለው ነጠላቸውን አየ። እንደ ጥጥ የነጣ ነው፤ የደም ጠብታ የለበትም። ደጀ ሰላሙን ተሳልሞ ወረደ።

በማግስቱ ማለዳ ብቻውን ወጣ። ሲመለስ ቆዳው ተገፎ የተቆራረጠ ዓሣ በቅጠል በተሸፈነ ቅርጫት ይዞ ነበር። ለሀጀራ ሰጣትና «ከላይኛው ኩሬ ነው፤ ከቅዳሴ መልስ ለሁሉም ይቅረብ» አላት። ስማቸውን ደግሞ ለብቻው ወስዶ አንድ ነገር አዘዘው። ስማቸው አካፋ ተሸክሞ ሄደ።

ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ባላምባራስ እልፍኝ ተሰበሰቡ። መኪናው ከደጅ ቆሟል። ሞላ እጁ እንደታሰረ ግድግዳ ሥር ተቀምጧል። አልታዬ ሕፃኑን ይዛ ከበሩ ላይ ቆመች፤ እንድትወጣ ቢነግሯትም አልሰማችም። ሀጀራ ዓሣውን በድልህ ቀቅላ፣ አጥንቱን አውጥታ በትሪ አቀረበች።

«ይህ ምን ድግስ ነው?» አሉ ባላምባራስ።

«ማሰናበቻ ነው። ጠዋት ከላይኛው ኩሬ አወጣሁት» አለ ያለው። «ቸኮል የተገኘው ታች ቦዩ ውስጥ ነው። የላዩ ዓሣ ምን አደረገ?»

«እውነት ነው» አሉና ባላምባራስ እጃቸውን ሰደዱ። አንድ ጎረሱ፤ ሁለት ደገሙ። ከጢማቸው የሚወርደውን ድልህ በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። ከበሩ ያለችው ሴት ጉሮሮዋ አብሯቸው ይውጥ ነበር።

ወይዘሮ በለጥሻቸው እንደወትሮአቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ጾመኛ ነኝ።»

«መምሬ፣ ይባርኩልን፤ ይቅመሱም» አለ ያለው።

መምሬ ወልደሩፋኤል ትሪውን አዩ። ከንፈራቸው ደርቋል።

«ጾም ነው ልጄ» አሉ።

ወይዘሮ በለጥሻቸው መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «ኧረ መምሬ! ‹ዓሣ ጾም አያስገድፍም፤ ሐዋርያትም አጥማጆች ነበሩ› ብለው ባለፈው ሰንበት ያስተማሩት እርስዎ አይደሉም ወይ?»

«ዛሬ … ዛሬ ሆዴን አሞኛል።»

«ጾም ነው ወይስ ሆድዎን አሞዎት ነው?» አለ ያለው። ዓይኑን ጨፈን አደረገ። «አንዱን ይምረጡ። ትናንት ነስሮኝ ነበር አሉ፤ ነጠላዎ ግን ንጹሕ ነበር። እርስዎ መቅደሱን የፈሩት የሌላ ሰው ደም ስለነካዎ ነው። ክህነትዎ ከእጅዎ እንደወጣ ያውቁታል። እግዚአብሔርን ይፈራሉ፤ ከፈሩት ግን ምነው አንድ ቀን ቢቀድም!»

«ምን ትላለህ አንተ?» አሉ ባላምባራስ፣ አፋቸው እንደሞላ።

«ከመጀመሪያው ልነሣ። ቦዩ ላይ ያን ሁሉ ዓሣ የገደለው ብርብራ ነው። ነገር ግን የበተነው ሰው አንድም አልለቀመም። ይህች መንደር ጅብ የጣለውን ቆዳ የሚቀቅሉባት መንደር ናት። የራበው ሰው ዓሣ ገድሎ ትቶት አይሄድም። ስለዚህ ብርብራውን የበተነው ያልራበው ሰው ነው። በሞላ ቤት የተገኘው ዓሣ በመንጠቆ የተያዘ ነው። የሞላ ብርብራ ደግሞ ዕቃ ቤት ተቆልፎበት ነበር። ቁልፉ አንድ ሰው ዘንድ ነው።»

«አቃጥዬዋለሁ አልኩህ!» አሉ መምሬ።

«ብለዋል። ወደ ቸኮል ጣቶች ልምጣ። ድንጋይ ልጦት ነው ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ማንም ሳይጠይቅዎ። ድንጋይ የአምስቱን ጣት ጫፍ ብቻ መርጦ አይልጥም። አምባዛ ግን እንደዚያ ይፍቃል። አምባዛ ያለው ደግሞ ላይኛው ኩሬ ነው፤ ወደ ቦዩ እንዳይወርድ ወንፊት አለበት። ሬሳም በወንፊት አያልፍም። እንግዲህ ቸኮል መጀመሪያ የተጣለው ላይኛው ኩሬ ነበር። ወደ ታች ያወረደው ሰው ነው።»

ባላምባራስ መዋጥ አቆሙ። ጉንጫቸው እንዳበጠ ቀረ።

«ለምን ወረደ? ድንጋይ ሳይታሰርበት አይቀርም፤ አምባዛው ይጨርሰዋል ተብሎ። ገመዱ ሾለከና ተንሳፈፈ። ሲነጋ ዲያቆናቱ ውሃ የሚቀዱት ከዚያ ነው። ስለዚህ ሳይነጋ ወደ ቦዩ ተጎተተ፤ ብርብራው ተበተነ፤ ጥፋቱም በሞላ ላይ ወደቀ። የሞተው ግን ኩሬው ውስጥም አይደለም። ጆሮው ውስጥ የስንዴ ክክ ነበር። ለዓሣው ስንዴ የሚከካው፣ ሰው እንዳያይ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። የአናቱ ስንጥቅ የመወርወሪያ እንጨት ስንጥቅ ነው፤ መወርወሪያው ደግሞ በዚያው ቀን በእርጥብ ባሕር ዛፍ ተተካ። ቸኮል ከዚህ ቤት ሲወጣ ‹የንስሐ አባቴን አማክሬ› ብሎ ነበር። አማከራቸው።»

በሩ ተከፈተ። ስማቸው እስከ ጭኑ ጭቃ ለብሶ ገባ። በአንድ እጁ የጠቆረ አሮጌ መወርወሪያ፣ በሌላው በገመድ የታሰረ ድንጋይ ይዟል።

«ኩሬው ተንጣፈፈ ሃምሳ አለቃ። ከሥሩ ይህ ተገኘ።»

«እነዚህን ሁሉ ሳልናገር በፊት» አለ ያለው፣ «የላይኛው ኩሬ ዓሣ የሰው ሥጋ መቅመሱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ባላምባራስ አላወቁም፤ በሉ። ዓሣ ወዳዱ ቄስ ግን ጾም ትዝ አላቸው።»

ባላምባራስ አጥናፉ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተነሡ፤ ደጃፍ አልደረሱም። ከካባቸው ላይ፣ ከምንጣፉ ላይ፣ ከራሳቸው እግር ላይ አስመለሱ። ማንም አልደገፋቸውም። ቤቱ ገማ።

መምሬ ወልደሩፋኤል ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራተተ። «እርስዎ» የሚባል ነገር ከዚህ በኋላ አብቅቷል። «ደብሩን ሊያዋርድ ነበር» አለ። «ስማችን … የቤተ ክርስቲያኒቱ ስም …»

«ሰውየው አባቴ ብሎ መጣልህ» አለ ያለው። «ንስሐ ሊገባ ጎንበስ ሲል ነው ከኋላው የመታኸው። ሰው ገድለህ ዓሣ ትጾማለህ? አትናገር፤ ድምፅህ ራሱ ይሸተኛል።» ከዚያም ወደ ባላምባራስ ዞረ። «እርስዎም መኪናው ላይ ይወጣሉ። ስለ ስንዴው ለተቆጣጣሪዎቹ ያስረዳሉ።»

«እኔ ሰው አልገደልኩም!» አሉ፣ አፋቸውን እየጠረጉ። «ዓሣ ነው የቀለብኩ!»

«ስንት ሰው እንደገደሉ ከቦዩ ማዶ ሄደው ይጠይቁ።»

ስማቸው የሞላን ገመድ ፈትቶ መምሬን አሰረበት። የሞላን ቀጭን ክንድ የዞረው ገመድ ለመምሬ ክንድ አጠረ። ሁለቱን ሰዎች ወደ መኪናው ሲያወጧቸው፣ ወይዘሮ በለጥሻቸው ከተቀመጡበት አልተነሡም። ሀጀራ ትሪውን አንስታ ልትደፋው ወደ በሩ ሄደች።

«እመት» አለ ሞላ። ድምፁ ቀጭን ነው። የታሰረበትን እጁን እያሸ ከትሪው ላይ ዓይኑን አልነቀለም። «ሊደፋ ነው? እንዲያው … ለልጆቼ ልውሰደው?»

ያለው በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አፈረ። የሰው አንጀት እንዲገለበጥ ብሎ ያዘጋጀው ማዕድ ነበር፤ አንጀቱ ባዶ የሆነው ሰው ከግድግዳው ሥር መቀመጡን ረስቶታል።

«ሞላ፣ ስማኝ» አለ ፈጥኖ። «ከኩሬው አይደለም። ዋሽቻቸው ነው። ማለዳ ከጠለፋው በላይ፣ ከወንዙ በመንጠቆ ያጠመድኩት ነጭ ዓሣ ነው። ንጹሕ ነው፤ ብሉት።»

ሞላ ትሪውን ከሀጀራ እጅ ተቀበለ። ነጠላውን አውልቆ ሸፈነው። አልታዬ ሕፃኑን ወደ ደረቷ አዙራ ቀድማው ወጣች።

«ባይሆንም እወስደው ነበር ጌታው» አለና ተከተላት።